ለጤና ሚኒስቴር፦ «ወንድ ነው ሴት የምትፈልጉት?» የሚለን ሰው ይከልከልልን

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ልጅን መርጦ ስለ መውለድ

ጤና ይስጥልኝ።

የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አጻጻፍ ብዙም አልችልበትም። «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» የምትለዋን አውቃታለሁ፣ እሷን ደግሞ እናንተም ሰልችታችኋለች ብዬ ተውኳት። የምጽፈው ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። ዕድሜዬ 41 ነው። አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ስድስት ዓመቷ ነው። የተፀነሰችው በአይቪኤፍ ነው። ይህን በሰፈራችን የሚያውቁት አራት ሰዎች ነበሩ፣ አሁን እናንተ ተጨመራችሁ። ስሜን ያልጻፍኩት ለእሷ ብዬ ነው።

ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልናገር። ከእናት እንቁላል ይወሰዳል፣ ከአባት ዘር ይወሰዳል፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ይገናኛሉ፣ አምስት ቀን ያህል ያደገው ሽል ወደ ማኅፀን ይገባል። በዚህ መንገድ መጀመሪያ የተወለደችው ሉዊዝ ብራውን ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1978 እንግሊዝ አገር። እሷም አድጋ፣ አግብታ፣ ወልዳ ስማለች። እኛም አገር እ.ኤ.አ. በ2019 ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመንግሥት ማዕከል ከፍቷል። «ወደ እግዜር ሥራ መግባት ነው» የሚሉ አሉ፤ ከእነሱ ጋር አልከራከርም። እኔ ጠበልም ሄጃለሁ፣ ሐኪም ቤትም ሄጃለሁ፣ የትኛው እንደሠራ እሱ ያውቃል።

ዘጠኝ ዓመት ጠብቀናል። ዘጠኝ ዓመት ማለት በየቡናው፣ በየለቅሶው፣ በየክርስትናው «ማኅፀንሽን ያለምልመው» ሲሉሽ አሜን ማለት ነው። ምርቃት ነው፣ አይጠላም። ግን አንድን ምርቃት ሺህ ጊዜ ሲሰሙት ስድብ ስድብ ይሸታል።

የእኔ ጠብ ከቴክኖሎጂው ጋር አይደለም። ጠቤ አንድ ቀን ከተደወለልኝ ስልክ ጋር ነው።

የሄድንበት ቦታ የግል ነው። ስሙንም አገሩንም አልናገርም፣ ይህን የምጽፈው ለመክሰስ አይደለምና። አሥራ አንድ ቀን መርፌ ተወጋሁ። ስምንት እንቁላል ወጣ። ከስምንቱ አምስቱ ፀነሱ፣ አምስተኛው ቀን ላይ ሁለት ቀሩ። ከዚያ ዕድሜሽም እየሄደ ስለሆነ የክሮሞዞማቸው (በየሕዋሱ ውስጥ ዘርን የሚሸከሙት ክሮች ናቸው) ቁጥር ይታይ ተባለ። ምርመራው እንዲህ ነው፦ ሽሉ በዚያን ጊዜ ሁለት ወገን አለው፣ ውስጡ ልጁን ይሆናል፣ ዳሩ እንግዴ ልጁን ይሆናል። ከዳሩ ጥቂት ሕዋሳት ቆንጥረው ወደ ምርመራ ይልካሉ፣ ሽሉ ደግሞ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይቀመጣል። ታዲያ ክሮሞዞም ሲቆጠር ጾታውም አብሮ ይወጣል። ኤክስና ኤክስ ከሆነ ሴት፣ ኤክስና ዋይ ከሆነ ወንድ። መርማሪው ፈለገም አልፈለገም ያየዋል። ሪፖርቱ ላይ ግን ሊሸፈን ይችላል፣ የሚሸፍኑም አሉ። ይህቺን «ይሸፈናል» የምትለዋን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ከሁለቱ አንዱ ሳይሆን ቀረ። አንድ ቀረን።

ውጤቱን የነገረን ሐኪሙ አይደለም። በር ላይ የተዋወቅነው፣ ቀጠሮውንም ማረፊያውንም የሚያመቻችልን ሰው ነው። ደላላ ሲሉት ደስ አይለውም እንጂ ደላላ ነው። ስልክ ደወለና «እንኳን ደስ አላችሁ፣ አንድ ጤነኛ አለች» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሴት ናት። ለመሆኑ ወንድ ነው ሴት የምትፈልጉት? ወንድ ከሆነ ይቺ ትቀመጥና ሌላ ዙር እንሞክራለን። ለሁለተኛ ዙር ቅናሽ አለ።»

ቅናሽ አለ ነው ያለኝ። ቅዳሜ ገበያ ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ለወሰደ ሰው እንደሚባለው።

ጀግና ብሆን ኖሮ ጆሮው ላይ እዘጋበት ነበር። አልዘጋሁም። «ተነጋግረን እንደውላለን» አልኩት። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል ነገር ባይኔ አልዞረም።

አማቴን እያሰብኩ ነበር። አማቴ ክፉ ሰው አይደለችም፣ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልጇን «ሌላ አግባ» ያላለች አማት ጎንደር ውስጥ ስንት አለች? እንዲያውም ሰው ፊት ቀድማ የምትከላከልልኝ እሷ ነበረች። ግን ወንድ ትፈልጋለች። ባሌ ላባቱ አንድ ነው፣ አባቱም አርፈዋል፣ ስማቸው የሚጠራው በዚያ በኩል ብቻ ነው። ቁስቋም ሄዳ ተስላለች፦ ወንድ ከሆነ ትልቅ ጃንጥላ ላገባ ብላ። ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ፤ ቁስቋምን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ አይደለችም እንዴ? እ.ኤ.አ. በ1730 ዘውድ ጭና አገር ያስተዳደረች ሴት ግቢ ሄዶ ወንድ ስጡኝ ማለት ምን ይባላል? ይህንኑ ላማቴ ነገርኳት። «ልጄ፣ ምንትዋብ ዘውዱን ያገኘችው ወንድ ስለወለደች አይደለም እንዴ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ኢያሱን ባትወልድ ማን ያነግሣት ነበር።

እና በዚያ ሌሊት፣ ልዋሽ አልፈልግም፣ ወንድ ይሁን ወደ ማለቱ ተጠግቼ ነበር። ሴት ጠልቼ አይደለም። ደክሞኝ ነበር። አንድ ጊዜ ወንድ ወልጄ ሁሉም ዝም ቢል፣ ከዚያ በሰላም ብኖር አልኩ። ያቺ ናይትሮጅን ውስጥ ያለችው ደግሞ ትጠብቅ፣ የት ትሄዳለች ብዬ አሰብኩ። ዛሬ ፀጉሯን ስጎነጉን ይህ ሐሳብ ይመጣብኛል።

ጠዋት ባሌ ምን ቢል ጥሩ ነው? «በምን ገንዘብ?» አለ። አለቀ። ለአንድ ዙር የከፈልነው ያገለገለ ባጃጅ ይገዛል፤ እንዲያውም ባጃጃችንን ሸጠን ነው የከፈልነው። ለሁለተኛው ዙር የሚሸጥ ባጃጅ አልነበረንም። ስለዚህ ያለችው ትግባ አልን፣ ገባች፣ ያዘች፣ ተወለደች።

ልጄ ዛሬ እዚህ ያለችው እኔና አባቷ ሥነ ምግባር ስላለን ነው ብል ደስ ባለኝ። እዚህ ያለችው ገንዘብ ስላጠረን ነው። ይህን አረፍተ ነገር ለመጻፍ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ከሆስፒታል ቤት ስንገባ አማቴ በር ላይ ቆማ እልል አለች። በእኛ ቤት ወግ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው። ከምጥ የተነሣች ሴት አትቆጥርም ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። ቆጠርኩ። ሦስት ነው። ጃንጥላውንም አገባች፣ ትንሹን።

አሁን እኔን ያስቸገረኝ ነገር ምን መሰላችሁ። አሜሪካ የሚኖር ወንድም አለኝ። ይህን ታሪክ ስነግረው «እህቴ፣ ምርጫ የሰው መብት ነው፣ መንግሥት እዚያ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው?» አለኝ። እሱ ባለበት አገር ሕጉ አይከለክልም፣ ሦስት ወንድ ወልደው አራተኛዋን ሴት ያድርግልን የሚሉም አሉ ይለኛል። ይበሉ። እኔ የማውቀው የእኛን ቤት ነው። ስልኩ የተደወለው ለእኔ ነው፣ እሺ ወይም እምቢ የምለው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ የመረጥኩት እኔ ነኝ ሊባል ነው። ግን እስኪ እውነት እንነጋገር፣ ያን ሌሊት አልጋዬ ላይ ማን ማን ነበር? አማቴ ነበረች፣ ያረፉት የባሌ አባት ነበሩ፣ ቁስቋም ነበረች፣ የዘጠኝ ዓመት ምርቃት ነበር፣ ጎረቤቷ «ሴትም ቢሆን ልጅ ነው» ስትል ያቺ «ም» ነበረች። እኔ ከሁሉም ጥግ ላይ ነበርኩ። እንዲህ ባለ ቤት ምርጫ ሲሰጥሽ ነፃነት አይጨምርልሽም፤ ድሮ «እግዜር የሰጠኝ ነው» ብለሽ የምታመልጪበት በር ይዘጋብሻል። ድሮ ሴት ብትወልጂ ማንም «ለምን?» ሊልሽ አይችልም ነበር። ነገ ይላሉ። «ገንዘቡ እያለሽ፣ ሐኪሙ እየጠየቀሽ፣ ለምን?»

ለዚህ ነው ሕግ የምፈልገው። ሕጉ ካማቴ ጋር እንዳልጣላ ያደርገኛል። «እማማ፣ አይቻልም እኮ፣ ክልክል ነው» ብዬ መገላገል እፈልጋለሁ። ሴቶች ስንት ነገር በዚህች ቃል ነው የምናመልጠው።

ይህ ነገር በቁጥር ምን እንደሚመስል የሕንድን ማየት ነው። በተፈጥሮ ለ100 ሴት 105 ገደማ ወንድ ይወለዳል፣ ስለዚህ ለ1000 ወንድ 950 አካባቢ ሴት መኖር ነበረባት። በሕንድ እ.ኤ.አ. በ2011 ቆጠራ እስከ ስድስት ዓመት ላሉ 1000 ወንዶች የተገኙት ሴቶች 919 ናቸው። ይህ ሁሉ ሕግ እያለ ነው። የፅንስን ጾታ ለይቶ መንገር እ.ኤ.አ. በ1994 ተከልክሏል፣ ኋላም ከፅንስ በፊት ያለው ምርጫ ተጨምሮበታል፤ ግን ሕጉ ሲመጣ አልትራሳውንዱ ቀድሞ ገጠር ገብቶ ነበር። ያገሩ ሰው፣ የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን፣ እ.ኤ.አ. በ1990 በዓለም ላይ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሴቶች ጎድለዋል ብሎ ሲጽፍ ከሆድ ጀምሮ እስከ ማዕድና ሕክምና ያለውን ቸልታ ሁሉ ደምሮ ነው። እንግሊዞች በበኩላቸው ከባድ የዘር በሽታ ካልሆነ በቀር በሽል ጾታ መምረጥን ከልክለዋል። እኛ ገና ማዕከሎቹ በጣት በሚቆጠሩበት ሰዓት ላይ ነን። ነገሩ ውድ ነው፣ ጥቂት ሰው ነው የሚደርስበት። ርካሽ ሲሆን ለመከልከል ብትነሡ ግን ከሕንድ አትሻሉም።

እስከዚህ ድረስ ቀላል ነበር። አሁን ወደ ከበደኝ ልምጣ።

እህቴ ወንድ ልጅ አላት፣ 14 ዓመቱ ነው። አራት ዓመቱ ላይ መውደቅ ጀመረ። ሲነሣ እጁን መጀመሪያ ጉልበቱ ላይ፣ ከዚያ ጭኑ ላይ እያደረገ፣ በገዛ ሰውነቱ ላይ እንደ መሰላል እየወጣ ነበር የሚቆመው። «ሰነፍ ነው» ተባለ። «ዓይን ነው» ተባለ። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ስሙ ተነገረን፦ ዱሼን የሚባል ጡንቻን እያመነመነ የሚሄድ በሽታ። የሚመጣው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ካለ አንድ ዘረ መል ነው። እናት ሁለት ኤክስ ስላላት ትሸከመዋለች እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አትታመምበትም። ተሸካሚ እናት ከምትወልዳቸው ወንዶች እያንዳንዱ የመታመም ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ልጁ ከአሥራ አንድ ዓመቱ ጀምሮ ዊልቸር ላይ ነው። ጎንደርን ደግሞ ታውቋታላችሁ፣ ዳገትና ቁልቁለት ናት።

እህቴ አንድ ልጅ መድገም ትፈልጋለች። ትፈራለች። «ሴት ብቻ እንድወልድ የሚያደርግ ነገር አለ አሉ፣ እውነት ነው?» አለችኝ።

አያችሁ? የደላላው ጥያቄ ነው፣ ቃል በቃል።

የሚገርመው ደግሞ ሽልን መርምሮ መምረጥ ራሱ የተጀመረው በእህቴ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ለንደን ውስጥ አላን ሃንዲሳይድና ባልደረቦቹ፣ እንዲህ በእናት በኩል ወደ ወንዶች የሚወርድ በሽታ ያለባቸውን ቤተሰቦች ሽል ጾታ ለይተው ሴቶቹን ብቻ አስገቡ። ዛሬ እንዲያውም የተበላሸውን ዘረ መል ራሱን ማየት ይቻላል፣ ጤነኛውን ወንድ አብሮ መተው ቀርቷል። እህቴ ይህን ብትጠቀም እኔ ከጎኗ ነኝ። አስታማሚ ሆኜ ሌሊት ሌሊት አይቻለሁ፣ ልጁን በሁለት ሰዓት አንዴ ከጎን ወደ ጎን ስታገላብጠው። ይህን ዳግመኛ ፈቅደሽ ግቢበት የሚላት ሰው መጥቶ አንድ ሌሊት ይደርላት።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ቡና ላይ ስናወራ ልጁ ጥግ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። የሚሰማ አልመሰለንም። ቀና ብሎ፣ «ያኔ ቢኖር ኖሮ እኔን ይጥሉኝ ነበር ማለት ነው?» አለ።

እህቴ ስኒ እንደያዘች ቀረች። እኔ አዋቂ ሆኜ «አንተን አይደለም እኮ፣ በሽታውን ነው» አልኩ።

«በሽታው ያለው እኔ ውስጥ ነው» አለኝ።

ትክክል ነው። እኔ ስታመም መድኃኒት እውጣለሁ፣ በሽታው ይሄዳል፣ እኔ እቀራለሁ። ሽል ሲጣል ግን በሽታው ተነቅሎ አይደለም የሚጣለው። ሙሉው ነው የሚሄደው፣ ቀልዱም፣ የኳስ ፍቅሩም፣ የስልክ ሱሱም። «እነዚያ ገና ሰው አይደሉም» የሚል ይኖራል፣ ቤተ ክርስቲያንና ሐኪም በዚህ ላይ ሲከራከሩ ይኖራሉ፣ እኔ አልፈርድም። የእሱ ጥያቄ ግን ስለ ሽል አልነበረም። እዚህ የተቀመጠውን እሱን «አንተ ባትኖር ይሻል ነበር» እያላችሁኝ ነው ወይ ነው ያለው። መልሱ አይደለም ነው፣ ግን አፋችንን ሞልተን ለማለት ያደረግነውን ማየት ያስፈልጋል። ምን አድርገንለታል? የሚማርበት ክፍል፣ ትምህርት ቤቱን አልጠራም፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት ዓመት ጓደኞቹ ተሸክመውት ወጥተው ወርደዋል። ልጆች ናቸው፣ አንድ ቀን ጥለውት ቢሄዱ ማን ይወቅሳቸዋል? ስለዚህ ከመከራው ስንቱ ከዘረ መል ነው፣ ስንቱስ ከደረጃ ነው? ለደረጃው ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ሲሚንቶ ነው የሚያስፈልገው።

እኔ ሁለቱንም ይዤ ነው የምሄደው። እህቴ ትመርመር እላለሁ፣ ልጁም ልክ ነው እላለሁ። ሁለቱ አይጣጣሙም የሚለኝ ሰው ካለ፣ አዎ፣ አይጣጣሙም። እሱ ራሱ ኋላ ላይ ተረጋግቶ «ጤነኛ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ዊልቸሬን ይገፋልኛል» ብሎ ሳቀ። 14 ዓመቱ ነው፣ የሚያስበው ይህን ነው።

ስለ ቁመትና መልክ ብዙ አልልም፣ ግን ዝም ብዬም አላልፍም። እኛ ጋ ሕፃን ሲታይ መጀመሪያ የሚታየው ጆሮው ነው። የጆሮው ጫፍ ጠቆር ካለ «አይ፣ ይጠይማል» ይባላል፣ እንደ መርዶ። የልጄንም ጆሮ ገልበው አይተዋል። አሁን አሜሪካ ውስጥ የሽሉን ቁመት፣ ብልህነቱን ሳይቀር እንገምታለን የሚሉ ኩባንያዎች ተነሥተዋል። የቁመትን ነገር እንይ፦ እ.ኤ.አ. በ2022 ከአምስት ሚሊዮን በላይ ሰው ተመርምሮ ከቁመት ጋር የተያያዙ ከ12,000 በላይ ነጥቦች በዘረ መላችን ውስጥ ተገኙ። አሥራ ሁለት ሺህ! እያንዳንዱ ቅንጣት ነው የሚጨምረው። እ.ኤ.አ. በ2019 ተመራማሪዎች ሲያሰሉት፣ ከአሥር ሽል ረጅም ይሆናል የተባለው ቢመረጥ ትርፉ በአማካይ 2.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። የሠርግ ጫማዬ ተረከዝ ከዚያ ይበልጣል። ባጃጅ ሸጦ ይህን የሚገዛ ሰው ካለ ደላላውን ሳይሆን ጫማ ሻጩን ላገናኘው።

ግን በዚህ ስቄ እንዳላበቃ የሚያደርገኝ የገዛ ከተማዬ ታሪክ ነው። ይህ ምርጫ ከውጭ የመጣ እንዳይመስላችሁ። እኛ አጥንት ስንቆጥር ነው የኖርነው። ልጅ ሲታጭ እስከ ሰባት ቤት ዘር ይጠና ነበር፣ ዝምድና እንዳይኖር ብቻ አይደለም፣ «አጥንቱ የጠራ ነው ወይ?» ተብሎ። እጁ ብረት የቀጠቀጠ፣ ሸክላ የሠራ ዘር ከተገኘ ነገሩ ያበቃል። ከከተማው ወጣ ብላ ወለቃ አለች፣ ቤተ እስራኤሎች የነበሩባት። ማረሻችንን ከእነሱ እጅ፣ ጀበናችንን ከእነሱ እጅ እየገዛን «ቡዳ ናቸው» ብለን ልጆቻችንን ደብቀናል። ያን ጊዜ «መጥፎ ዘር» የተባለው ምን ነበር? ሙያ። እጃቸው ሠራ፣ ያ ነው ጥፋታቸው። እንግዲህ ይህ ሕዝብ ነው ነገ ላቦራቶሪ ገብቶ ጥሩና መጥፎ ዘር ልምረጥ የሚለው። እኔም ከዚሁ ሕዝብ ነኝ። አያቴ አጥንት ቆጣሪ ነበሩ፣ የታወቁ። ሰው ከሩቅ መጥቶ ይጠይቃቸው ነበር። ዛሬ ቢኖሩ ኖሮ ደላላው ሳይቀጥራቸው አይቀርም።

ዘረ መልን ራሱን ስለማረም ደግሞ አንድ ነገር ብቻ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 ሄ ጂያንኩይ የሚባል ቻይናዊ ሳይንቲስት በሽል ደረጃ ዘረ መላቸው የተነካካ መንታ ሴቶች መወለዳቸውን አስታወቀ። ኤችአይቪ እንዳይዛቸው ነው ያለው፣ አባታቸው ቫይረሱ ነበረበት። በዓመቱ ሦስት ዓመት እስርና ሦስት ሚሊዮን ዩዋን ቅጣት ተፈረደበት። እኔን ያናደደኝ የት ላይ ነው? እዚህ ጎንደር ቫይረሱ በደማቸው ያለ እናቶች መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እየወሰዱ ነፃ ልጅ እየወለዱ ነው። ጎረቤቴ ሁለት አላት። በኪኒን ለሚሆን ነገር የሰው ልጅ ዘር ላይ መቀስ ማንሣት፣ እሱም የልጅ ልጅ ድረስ የሚወርድ ነገር ላይ፣ ምን የሚሉት ድፍረት ነው?

የምጠይቃችሁን ልናገርና ልጨርስ። ሪፖርቱ ላይ ጾታ ይሸፈን ያልኩት ትዝ ይላችኋል። ይሸፈን። እንደ እህቴ ያለ ምክንያት ያለው ሰው ብቻ፣ ምክንያቱ በሐኪም ተጽፎ፣ ሌላ ሰው አይቶት ይገለጥለት። ውጤት የሚናገረው ሐኪም ይሁን፣ በስልክ የሚደውል ደላላ አይሁን፣ «ቅናሽ» የሚባል ቃልም ከዚህ ቤት ይውጣ። ሕግ አለን፣ መመሪያ አለን የምትሉ ከሆነ እሰየው፤ እንግዲያው በየማዕከሉ ግድግዳ ላይ በአማርኛ፣ በትልቁ ይለጠፍ፣ ዋጋውና ስንቱ ዙር በልጅ እንደሚያልቅም አጠገቡ። እኔ እንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ነው የፈረምኩት፣ ምን እንደሚል እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም፣ ልጅ የፈለገ ሰው ምን የማይፈርመው አለ።

ሁለተኛ፣ እህቴ የምትፈልገው ምርመራ የባጃጅ ባለቤቶች ብቻ አይሁን። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ሆኖ የተጀመረ ነው፣ ከተማችን በጤና ትምህርት ለሌላ የምታስተምር ናት። እዚሁ ቁጭ ብሎ ለአንዲት ተሸካሚ እናት በአማርኛ፣ ሳይቸኩል፣ ሳያስፈራራ «ዕድሉ ይህ ነው፣ መንገዱ ይህ ነው፣ ሳትመርጪም መውለድ መብትሽ ነው» የሚላት ሰው ይመደብ። እህቴ ለዚህ ምክር ብቻ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ የለባትም። መንገዱን ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት የአዘዞ እናት
ጎንደር

ግልባጭ፦
ለጎንደር አማቶች በሙሉ
ለእኔዋ አማት (በቃል እነግራታለሁ፣ ቡና ላይ)

ማሳሰቢያ፦ የእህቴ ልጅ ስለ እሱ የጻፍኩትን አንብቦ ፈቅዷል። አንድ ነገር ጨምሪ ብሎኛል። ስለዚህ ጉዳይ የሚወስን ኮሚቴ ይቋቋማል አይደል፣ እኔ የምገኝበት ከሆነ ስብሰባው ምድር ቤት ይሁን አለ።